ያውቁ ኖሯል? ታይመሩ ፈጣን፣ ሴንሰሩ ዘገምተኛ

አርዱይኖ ኡኖ ላይ ያለው አትሜጋ328ፒ ቺፕ በሰከንድ 16 ሚሊዮን የሰዓት ምት እንዳለው ያውቁ ኖሯል? የታይመሩ ሰዓት ሲደርስ የያዘውን ሥራ አቋርጦ ወደ ኢንተራፕቱ ኮድ ለመዞር ቢያንስ 4 ምት ይፈጅበታል። ይህ የማይክሮሰከንድ ሩብ ነው።

ዲኤስ18ቢ20 የተባለው የሙቀት ሴንሰር ግን በ12 ቢት ጥራት አንዴ ለመለካት እስከ 750 ሚሊሰከንድ ይወስዳል። ለቺፑ ይህ 12 ሚሊዮን ምት ነው።

ይህ ቺፕ ኢንተራፕት ውስጥ ሲገባ ሌሎቹን ኢንተራፕቶች በሙሉ እንደሚዘጋስ? ጀማሪውን የሚያሳስተው ይህ ነው። ሚሊሰከንድ የሚቆጥረው የሚሊስ ቆጠራ ባለበት ይቆማል፤ ፕሮግራሙን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆየው ዲሌይ በትክክል አይሠራም፤ ሁለቱም የታይመር 0ን ኢንተራፕት ይፈልጋሉና። የባሰው አይቱሲ የተባለው የሴንሰር መገናኛ ነው። ቢኤምፒ280ን የመሰለ የአየር ግፊት ሴንሰር በዋየር ላይብረሪ ሲጠየቅ፣ ላይብረሪው መልሱን የሚቀበለው በሌላ ኢንተራፕት ነው። ያ ደግሞ ተዘግቷል። በሩን ከውስጥ ቀርቅሮ እንግዳ ቀረብኝ እንደሚል ሰው ሲጠብቅ ይኖራል። ሽቦ ቢቀይሩ፣ ሴንሰር ቢለውጡ ለውጥ የለም፤ ጥፋቱ የኮዱ ነው።

ቺፑ ባለ 8 ቢት ስለሆነ ባለ 16 ቢት ቁጥርን የሚያነበው በሁለት ጊዜ ነው። ቁጥሩ ከ255 ወደ 256 ሲያልፍ ኢንተራፕቱ መሐል ከገባ፣ ዋናው ፕሮግራም 511 ወይም 0 ሊያነብ ይችላል! ቁጥሩን «ቮላታይል» ብሎ መጻፍ ግድ ነው፤ ከዚህ ስህተት ግን አያድንም። ቁጥሩን እስኪቀዱ ድረስ ኢንተራፕትን ለቅጽበት መዝጋት ነው መፍትሔው።

አናሎግ ሴንሰር ለማንበብ ወደ 100 ማይክሮሰከንድ ገደማ ያስፈልጋል። ብዙዎች የማይጠቀሙበት (ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው) መንገድ፣ ታይመር 1 ራሱ ልኬቱን እንዲያስጀምር ማድረግ ነው። ልኬቱ ሲያልቅ የሚመጣው ኢንተራፕት ውጤቱን ማንሳት ብቻ ይቀረዋል።

የማያስፈልግ ሥራ ግን የኮምፒውተርን ጊዜ ይሻማል፦ እ.ኤ.አ. ጁላይ 20 ቀን 1969 አፖሎ 11 ጨረቃ ላይ ሊያርፍ ሲል ኮምፒውተሩ 1202 የሚል ማስጠንቀቂያ ያሳየው፣ በዚያ ሰዓት የማያስፈልግ ራዳር በሚልከው ምልክት ከጊዜው 15 በመቶ ያህሉን ስለተሻማው ነበር።

ዲኤችቲ22 የተባለው የእርጥበት ሴንሰር በሁለት ንባቦች መካከል 2 ሰከንድ ይፈልጋል። ለዚህ የታይመር ኢንተራፕት ምን ያደርጋል? በዋናው ፕሮግራም ያለፈውን ሚሊስ ከአሁኑ ቀንሰው 2000 መድረሱን ቢያዩ ይበቃል። ሚሊስ በየ49.7 ቀኑ ወደ ዜሮ ቢመለስም፣ ሁለቱን ቁጥሮች «አንሳይንድ ሎንግ» ካደረጓቸው ቅነሳው አይሳሳትም።