ሲልዴናፊል፦ ተረቱና እውነታው

በልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ጎረቤት ከጎረቤት በደረጃው ላይ ሲተላለፍ የማይወራ ነገር የለምና፣ ስለ «ሰማያዊዋ ክኒን» የሚነገረውም ብዙ ነው፤ ከሁሉ ይልቅ ሥር የሰደደው ግን ቪያግራን የዋጠ ሰው ፍትወቱ ይነድዳል፣ የወጣትነት ኃይሉም ይመለስለታል የሚለው ነው።

ሲልዴናፊል፣ ማለትም ይኸው መድኃኒት፣ ፍትወትን አይወልድም። ሕሊና በፍትወት ሲነሣሣ ከብልት ነርቮች ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ጋዝ ይመነጫል፤ እርሱም ሳይክሊክ ጂ.ኤም.ፒ. የሚባለውን ንጥረ ነገር አስገኝቶ የደም ሥሮቹን ጡንቻ ያላላል፣ ደምም ይሞላል። ይህንን ንጥረ ነገር የሚያፈርስ ፒ.ዲ.ኢ. 5 የተባለ ኢንዛይም አለና፣ የመድኃኒቱ ግብር አፍራሹን መግታት ብቻ ነው፤ የተከፈተ በር እንዳይዘጋ ከሥሩ እንደሚገባ ሽብልቅ ነው፣ በሩን ግን አይከፍትም። ስለዚህ ክኒኑን ውጦ ዜና ሲያይ ያመሸ ሰው «ሐሰተኛ መድኃኒት ተሸጠልኝ» ብሎ ቢከስ፣ ፍርድ ቤቱ ከሰፈሩ ሩቅ ባይሆንም፣ የሚረታ አይመስለኝም።

የወንዶች ብቻ ነው መባሉም ስሕተት ነው። በእንግሊዝ አገር በሳንድዊች ከተማ ሲመረመር የታሰበው ለደም ግፊትና ለልብ ሕመም ነበር፤ በአሜሪካ ለስንፈተ ወሲብ የተፈቀደው መጋቢት 18 ቀን 1990 ዓ.ም. ሲሆን፣ ያው ኢንዛይም በሳንባ ደም ሥሮችም ስለሚገኝ፣ በ1997 ዓ.ም. ለሳንባ ደም ግፊት ደዌ ለሴቱም ለወንዱም ተፈቀደ። በአገራችንም ልባቸው ቀዳዳ ይዞ ተወልደው የሳንባቸው ግፊት ለናረ ሕፃናት፣ መጠኑ በኪሎአቸው ተሰልቶ ይታዘዛል። እንግዲህ አንዲት እናት የልጇን ማዘዣ በፋርማሲው መስኮት ስታቀርብ ከኋላዋ የቆመው ቢሥቅ፣ ነውሩ የሣቂው ነው።

«ልብን ቀጥ ያደርጋል» የሚለው ወሬ ግን እውነትን ከተረት የቀላቀለ ነው። መድኃኒቱ በሐኪም ትእዛዝ የሚወስደውን አብዛኛውን ሰው እንዲህ አያደርገውም፤ በተለይ ሊገድል የሚችለው ለደረት ውጋት ከምላስ ሥር ከሚደረገው ናይትሮግሊሰሪን ጋር ሲገናኝ ነው፣ ሁለቱም በአንድ መንገድ ደም ሥርን ያላላሉና ግፊቱ በድንገት ይወድቃል። ሲልዴናፊል ከተዋጠ 24 ሰዓት፣ ዘመዱ ታዳላፊል ከሆነም 48 ሰዓት ሳያልፍ ናይትሮግሊሰሪንን የመሰለ ናይትሬት አይሰጥምና፣ ደረቱን ይዞ ድንገተኛ ክፍል የገባ ሰው ምን እንደዋጠና መቼ እንደዋጠ፣ ባለቤቱ አጠገቡ ቆማ ብትሰማም፣ ለሐኪሙ መናገር አለበት።