ያውቁ ኖሯል? እግር ሳይደክም ጭንቅላት ሊደክም ይችላል

ጀርመናዊው ብስክሌተኛ ጄንስ ቮይት ዳገት ላይ ጡንቻው ሲቃጠል «እግሮቼ፣ ዝም በሉ!» እያለ ይቆጣ ነበር። ሰው እንደ ቀልድ ቢያየውም ነገሩ መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ የብሪታንያ ተመራማሪዎች ጥናት፣ 24 ሰዎች ቋሚ ብስክሌት ላይ አቅማቸው እስኪሟጠጥ ፔዳል እንዲመቱ ተደረገ። ከዚያ ግማሾቹ ለራሳቸው የሚሉትን የማበረታቻ ቃል መርጠው ለሁለት ሳምንት ተለማመዱ። ሲመለሱ በአማካይ 10 ደቂቃ ከ37 ሰከንድ የነበረው ጽናታቸው 12 ደቂቃ ከ31 ሰከንድ ደረሰ። ሌሎቹ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳዩም።

የበለጠ የሚያስገርመው ግን እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ሌላ ሙከራ ነው። 16 ሰዎች ብስክሌት ላይ ከመውጣታቸው በፊት 90 ደቂቃ ሙሉ ኮምፒውተር ላይ አፍጥጠው ትኩረት የሚጨርስ ሥራ ሠሩ። በሌላ ቀን ደግሞ እነዚያው ሰዎች ስለ ባቡርና ስለ ፌራሪ መኪና ዘጋቢ ፊልም እያዩ ዘና አሉ። ፊልም ባዩበት ቀን በአማካይ 12 ደቂቃ ከ34 ሰከንድ ቆዩ፤ ጭንቅላታቸው በዛለበት ቀን ግን 10 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ላይ እጅ ሰጡ። ልብና ጡንቻቸው እንደ ወትሮው ይሠራ ነበር፤ የተለየው ድካሙ ቶሎ የከበዳቸው መሆኑ ብቻ ነው።

ስለዚህ ውድድር ያለበት ሰው ዋዜማውን በሒሳብ ሥራና በስልክ ንትርክ ባያሳልፍ ይመረጣል። ጽናቱን ማጠንከር የሚፈልግ ግን፣ አልፎ አልፎ ከሥራ እንደወጣ፣ አእምሮው ዝሎ ሳለ ልምምድ ቢሠራ ድካሙን ይለምደዋልና አይከፋም፤ ከዳገቱ በፊት የሚለውንም ቃል ከወዲሁ ይምረጥ።