«መጠጠ» ወይስ «ተለጠፈ»? የአንድ የነዳጅ ምህንድስና ጽንሰ ሐሳብ አሰያየም በአማርኛ

ነዳጅ ዘይት በተፈጥሮ ግፊትና በውሃ ግፊያ ከወጣ በኋላም ብዙው ክፍል በዓለቱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ተይዞ ይቀራል። ይህን ለማስለቀቅ ከሚሞከሩት ዘዴዎች አንዱ ሰርፋክታንት የተቀላቀለበት ውሃ ወደ ዓለቱ መስደድ ነው። ሰርፋክታንት የሳሙና ዘመድ ነው፤ የሞለኪዩሉ ራስ ውሃን፣ ጅራቱ ዘይትን ይወዳል። በሁለቱ ፈሳሾች ወሰን ላይ ያለውን ውጥረት እጅግ ስለሚቀንስ የተያዘው ጠብታ በጠባቡ መተላለፊያ ሾልኮ ያልፋል። ችግሩ፣ ከሰርፋክታንቱ ከፊሉ ዘይቱ ዘንድ ሳይደርስ በዓለቱ ገጽ ላይ መቅረቱ ነው።

ይህ ክስተት በእንግሊዝኛ «አድሶርፕሽን» ይባላል። ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1881 ወደ ሳይንስ ጽሑፍ ያስገባው ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ሃይንሪሽ ካይዘር ነው። ከ«አብሶርፕሽን» የሚለየው በቅድመ ግንድ ምዕላዱ ብቻ ነው፤ ግንዱ በላቲን መምጠጥን የሚያመለክት ግስ ነው። ስለዚህ ተርጓሚው ሁለቱንም «መምጠጥ» ቢላቸው አይፈረድበትም።

ጉዳቱ ግን ቀላል አይደለም። «ዓለቱ መጠጠው» ሲባል ባለቤቱ ዓለቱ ነው፤ ፈሳሹም ወደ ውስጥ ይገባል። አንባቢው ብክነቱን በቀዳዳዎቹ ይዘት ይገምታል። በእውነቱ ወሳኞቹ የገጹ ስፋትና የኤሌክትሪክ ሙሉ ናቸው። የአሸዋ ድንጋይ ገጽ በአብዛኛው አሉታዊ ሙል ስላለው አሉታዊ ሰርፋክታንትን ይገፋል፤ የኖራ ድንጋይ ግን ብዙ ጊዜ አዎንታዊ ስለሆነ ይስበዋል። የሸክላ ማዕድናት ሲበዙ ገጹ ይሰፋል፣ ብክነቱም ይጨምራል። በአንድ ግራም ዓለት ላይ 0.5 ሚሊግራም ቢቀር፣ በአንድ ሚሊዮን ቶን ዓለት ላይ 500 ቶን ሰርፋክታንት ይቀራል ማለት ነው።

«ተጣበቀ» ገጽን ቢያመለክትም ሙጫን ያስታውሳል፤ መላቀቅ የማይቻል ያስመስላል። «ተለጠፈ» ይሻላል፦ በግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ወደ ውስጥ አይገባም፣ ሊላጥም ይችላል። ተደራጊው ግንድም ለጣፊ እንዲጠራ አያስገድድም። ለአብሶርፕሽን ደግሞ ውሃ ወደ አፈር ሲገባ የሚነገረው «ሰረገ» ከ«መጠጠ» ይልቅ ይስማማል። «ልጥፍ» ዛሬ በማኅበራዊ መገናኛ ሌላ ሥራ መያዙ እውነት ነው፤ ለድርጊቱ «ልጥፈት» ቢባል ግን ግጭቱ ይቀራል።

በዓለቱ ውስጥ የሚቀረው ሰርፋክታንት ሁሉ ግን የተለጠፈ አይደለም፤ በውሃው ካልሲየም የተነሣ የሚዘቅጥም አለ። ለጠቅላላው ብክነት «መቅረት» የሚለው ተራ ቃል ይበቃል።