ሸክላው በእጄ ነው

አባቴ ትተውልኝ ካለፉት ነገሮች መካከል ዘጠኝ ባለ አርባ አምስት ዙር ሸክላዎች አሉ። ከአንዱ የወረቀት ሽፋን ጀርባ በሰማያዊ እስክርቢቶ «የሠርጋችን መታሰቢያ፣ ጥር 1964 ዓ.ም.» የሚል ጽሑፍ ይነበባል። የእጅ ጽሑፉ የእሳቸው ነው፤ የትም ባየው አውቀዋለሁ። ባለፈው ክረምት ይህንን ሸክላ ሚዩዚክብሬይንዝ በሚባለው የሕዝብ መዝገብ ላስገባ ተቀመጥኩና፣ ከዘፋኙ ስም ቀድሜ «ይህ ዘፈን አባቴና እናቴ ሲሞሸሩ የተዘፈነ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ደግሜ አነበብኩትና ሰረዝኩት። ውሸት ሆኖ አይደለም፤ ቦታው አልነበረም። ቦታው የት እንደሆነ ለማወቅ ግን የመዝገቡን አሠራር ከሥሩ መማር ነበረብኝ።

ሚዩዚክብሬይንዝ ማንኛውም ሰው ገብቶ የሚጽፍበት፣ የሚያርምበትና የሚከራከርበት የሙዚቃ መዝገብ ነው። የተወለደውም ከቅሬታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አንድ ሰው ሲዲ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ሲከት የዘፈኖቹ ስም አብሮ አይመጣም ነበር፤ ማሽኑ የሚያውቀው የዘፈኖቹን ብዛትና ርዝመት ብቻ ነው። አድማጮች በየቤታቸው ያለውን ሲዲ እያዩ ስሞቹን ተየቡና ሲዲዲቢ የሚባል የጋራ ዝርዝር ሞሉ። በነፃ ነበር የሞሉት። ዝርዝሩ ሲደልብ የንግድ ድርጅት ንብረት ሆነ፣ ግሬስኖት ተባለ፣ ላባቸውን ያፈሰሱበት ሰዎችም በር ላይ ቀሩ። ሮበርት ኬይ የሚባል የፕሮግራም ባለሙያ ይህ አንገብግቦት እ.ኤ.አ. በ2000 ሚዩዚክብሬይንዝን ጀመረ። በ2004 ደግሞ ሜታብሬይንዝ ፋውንዴሽን የተባለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት በካሊፎርኒያ ተቋቋመለት። የመዝገቡ ዋና መረጃ ሙሉ በሙሉ የሕዝብ ሀብት ተብሎ ስለተለቀቀ ዳግመኛ ማንም ሊቆልፈው አይችልም። የሙዚቃ ማጫወቻ ፕሮግራሞች፣ የሬዲዮ ጣቢያዎችና ተመራማሪዎች ከዚያ ይቀዳሉ። እዚያ የገባ ስሕተትም አብሮ ይቀዳል።

መዝገቡ ከውስጥ ሲታይ እንደ ጥሩ ግምጃ ቤት ነው፤ ሁሉም ነገር የራሱ መደርደሪያ አለው። ድርሰቱ አንድ ነገር ነው፣ ቅጂው ሌላ፣ ለገበያ የወጣው ሸክላ ወይም ካሴት ደግሞ ሌላ። ለእኛ ሙዚቃ ይህ ክፍፍል ትልቅ ጸጋ ነው። «ትዝታ»ን አስቡት። የቅኝት ስም ነው፤ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ጋር ከአራቱ አንዱ። የዘፈን ስምም ነው፤ እያንዳንዱ ድምፃዊ የራሱን ግጥም እያለበሰ የሚያንጎራጉረው። ደራሲው ማን ነው ቢባል መልሱ «ሕዝቡ» ነው፤ መዝገቡም ለዚህ «ባህላዊ» የሚል የደራሲ ቦታ አዘጋጅቷል። ከሥሩ ግን የእያንዳንዱ ድምፃዊ ቅጂ ለየብቻው ይቀመጣል። ዜማ፣ ግጥምና ቅንብርም እንደዚሁ በሦስት የተለያዩ ክሮች ይታሰራሉ። የካሴት ሽፋናችን ብዙ ጊዜ የድምፃዊውን ፎቶ በትልቁ፣ የሙዚቃ ቤቱን ስም ከሥሩ አድርጎ፣ ያቀናበረውንና የተጫወቱትን ሰዎች ይዘልላቸው ነበር። እነዚያ ባዶ ክሮች ስንት ሰው እንደተረሳ ቁልጭ አድርገው ያሳያሉ፤ እኔን መጀመሪያ የሳበኝም ይኸው ነበር።

ስሞቻችን ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መዝገቡ ሰዎችን በፊደል ተራ ለመደርደር የተለየ ቦታ አለው፤ ለአውሮፓውያን የቤተሰቡ ስም ይቀድማል። የእኛን ልማድ የማያውቅ ሰው ሙዚቀኛውን ሙላቱ አስታጥቄን «አስታጥቄ፣ ሙላቱ» ብሎ ያስገባል። አስታጥቄ ግን አባት ናቸው፤ ሙላቱ ሙላቱ ነው። ይህንን ማረም ለአገር መቆርቆር ብቻ አይደለም፤ በስሙ የሚፈልገው ሰው እንዲያገኘው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጭንቀት ልምጣ። እንዲህ ያለ መዝገብ ጸሐፊው ስሜቱን በር ላይ አውልቆ እንዲገባ ይፈልጋል። ዲስኮግስ የሚባለው የሸክላ ሰብሳቢዎች መዝገብም፣ ዊኪፔዲያም እንዲሁ ናቸው። በእንግሊዝኛ ቀላል ይመስላል። በአማርኛ ግን ገለልተኛ ልሁን ያለ ሰው ገና የመጀመሪያው ግስ ላይ ይያዛል። «ተወለደ» ልበል ወይስ «ተወለዱ»? ሁለቱም ፍርድ ናቸው። ጥላሁን ገሠሠን ሕዝቡ «ጥላሁን ዘፈነ» ይላል፤ «ጥላሁን ዘፈኑ» ያለ ሰው አልሰማሁም። ይህ ንቀት አይደለም፣ የልጅነት ጓደኛን የመጥራት ያህል ቅርበት ነው። የክብር ዶክትሬት ከተሰጠው በኋላ ግን «ክቡር ዶክተር ጥላሁን» ብለው ወደ «አንቱ» የተሻገሩ ጸሐፊዎች አሉ። ስለ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ደግሞ «ፒያኖ ተጫወተች» ብሎ ለመጻፍ እጄ እሺ አይለኝም። መነኩሲት ነበሩ፤ ማዕረጉ ራሱ ግሱን ይጎትታል። ሞትም እንዲሁ ነው። «ሞተ»፣ «አረፉ»፣ «ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ»፤ እያንዳንዱ ሟቹን የት እንዳስቀመጥነው ይናገራል።

ሚዩዚክብሬይንዝ ከዚህ ጣጣ የሚያመልጥበት መንገድ ደስ ይለኛል፤ ግስ የለውም። የእማሆይ ገጽ ላይ የልደት ቀን፣ የዕረፍት ቀንና ቦታ የሚሞሉ ሣጥኖች ናቸው ያሉት። እ.ኤ.አ. 1923፣ አዲስ አበባ፤ 2023፣ ኢየሩሳሌም። በ2006 ሙዚቃ አሳታሚው ቡዳ ሙዚክ በኢትዮፒክስ ተከታታይ 21ኛ ቅጽ አድርጎ የፒያኖ ሥራቸውን ማውጣቱ ሌላ ሣጥን ውስጥ ይገባል። አክብሮትም ድፍረትም የለበትም። ችግሩ የሚመጣው አረፍተ ነገር ስንጽፍ ነው፤ በዊኪፔዲያ ወይም በገጹ ማብራሪያ። እዚያ እኔ የምከተለው መንገድ ይህ ነው፦ ሕዝቡ የሚጠራውን አጠራር ይዤ ገጹን ሙሉ ሳላወላውል በእሱ መጨረስ። እማሆይን «አንቱ»፣ ጥላሁንን «አንተ»። ሁሉንም በአንድ ግስ መጨፍለቅ ገለልተኛ አያደርገኝም፤ እንግዳ ብቻ ነው የሚያደርገኝ።

ማሞካሻው ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ላይ ምሕረት የለኝም። የአማርኛ የጥበብ ገጾቻችን «አንጋፋው»፣ «ዝነኛው»፣ «ተወዳጁ» ሳይሉ ስም መጥራት አይሆንላቸውም። በፍቅር ነው የሚጻፈው፣ አውቃለሁ። ነገር ግን ሁሉም ሰው አንጋፋ ከሆነ ቃሉ ምንም አይነግረንም። ቅጽሉን አንሥቶ በቦታው ማስረጃ ማስቀመጥ ይሻላል። «የኢትዮ ጃዝ አባት» ከማለት፣ ሙላቱ ጂማ ተወልዶ በብሪታንያ ከተማረ በኋላ ቦስተን በርክሊ መግባቱን፣ እ.ኤ.አ. በ1966 ኒው ዮርክ ውስጥ «አፍሮ ላቲን ሶል» የሚል አልበም ማውጣቱን፣ ቫይብራፎንን ከእኛ ቅኝቶች ጋር ማጋባቱን መጻፍ። አንባቢው አባትነቱን ራሱ ይሰጠዋል። ማዕረጉ የግድ መነሣት ካለበትም የሰጠው ማን እንደሆነ ይጻፍ፤ «ብዙዎች እንዲህ ይሉታል» ማለት የማንም ቃል አይደለም።

ወደ አባቴ ሸክላ ከመመለሴ በፊት ግን አንድ ነገር ላንሣ። የእኛ የሙዚቃ ታሪክ በወረቀት ላይ ሳይሆን በሰዎች አፍ ላይ ነው የኖረው። አምሃ እሸቴን ውሰዱ። ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት መብት ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ በተሰጠበት ዘመን፣ ገና ወጣት ሳለ ደፍሮ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሬከርድስን አቋቋመ። የመጀመሪያው ሸክላ የድምፃዊ አለማየሁ እሸቴ ነበር። በ1975 አገር ጥሎ ወደ አሜሪካ እስኪሰደድ ድረስ 103 ነጠላ ሸክላዎችንና 12 አልበሞችን አውጥቷል። ይህንን ሁሉ የምናውቀው አንድ ባለሥልጣን መዝግቦት አይደለም። አብዛኛው ራሱ አምሃ ስለተናገረ፣ የኢትዮፒክስ አዘጋጅ ፍራንሲስ ፋልሴቶም ከእሱና ከሙዚቀኞቹ ጋር ዓመታት ተቀምጦ ስለጻፈ ነው። አንዱ ሰው «እኔ እንዲህ አደረግሁ» አለ፤ ሌላው ሰው ያንን ቃል ተቀብሎ፣ ከሸክላዎቹ ጋር አስተያይቶ አሳተመው። ከኢትዮፒክስ ጋር የሚመጡት ትንንሽ መጻሕፍት በዚህ የተሞሉ ናቸው። ዛሬ በየመዝገቡ ደረቅ ሆኖ የምናየው ቁጥር ትናንት የአንድ ሰው ወግ ነበር።

ስለዚህ «የግል ትዝታ አይገባም» የሚለው ሕግ በጥሬው ሲወሰድ ለእኛ ጨካኝ ነው። ዊኪፔዲያ ሌላ ታማኝ ምንጭ ያላሳተመውን ነገር አይቀበልም። ምክንያቱ ይገባኛል፤ አለዚያ የማንም ሐሜት ታሪክ ይሆናል። ግን ጋዜጣ ያልዘገበለት የክፍለ ጦር ባንድ፣ ስሙ ያልታተመ የአኮርዲዮን ተጫዋች በዚህ በር አያልፍም። ሚዩዚክብሬይንዝ እዚህ ላይ የተለየ ነው፤ ሸክላውን ራሱን እንደ ምንጭ ይቀበላል። በእጁ የያዘ ሰው መለያው ላይ ያነበበውን ማስገባት ይችላል። እያንዳንዱ ለውጥ ሲገባም ማስታወሻ የሚጻፍበት ሣጥን አለ፤ ይህንን ከየት አመጣኸው ለሚለው ጥያቄ። ለድምፅ የሚቀርቡ ለውጦች ለሰባት ቀን ክፍት ሆነው ይቆያሉ፤ ሌሎች አርታኢዎች «አዎ» ወይም «አይ» ይላሉ። ሦስት ሰው በአንድ ድምፅ ከተስማማ ወይም ከተቃወመ ነገሩ ቀድሞ ይዘጋል፤ ማንም ምንም ካላለ ሰባተኛው ቀን ሲያልፍ ይጸድቃል። ማስታወሻው ግን አይጠፋም። ከዓመታት በኋላም ይህ ቀን ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሄዶ ያነበዋል።

ስፈልገው የነበረው ቦታ ይኸው ነበር። በገጹ ላይ «እኔ» የለም፤ በማስታወሻው ውስጥ ግን «እኔ» መኖሩ የተፈቀደ ብቻ ሳይሆን ግዴታ ነው። ማን እንዳየ፣ ምን እንዳየ፣ ከየት እንዳገኘው ካልተጻፈ ማስታወሻው ዋጋ የለውም።

የአባቴ ጽሑፍም ያን ጊዜ መልኩን ቀየረ። ሸክላው ላይ የታተመ ዓመት የለም፤ የዚያ ዘመን ነጠላ ሸክላዎች ብዙዎቹ እንደዚያው ናቸው። አባቴ ግን ሳያስቡት አንድ ነገር መስክረዋል፦ ሸክላው ጥር 1964 ዓ.ም. ሳያልቅ ወጥቷል። ሠርግ ላይ የተሰማ ሸክላ ከሠርጉ በኋላ ሊታተም አይችልም። ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲመለስ እ.ኤ.አ. 1972 መጀመሪያ ነው፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሰባት ዓመት፣ የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ከገባ በኋላ ስምንት ዓመት እንደምርበታለንና። ይህ ሒሳብ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ሽፋኑ ላይ «1985» ብቻ የታተመበት ካሴት አይቶ እንደ ፈረንጅ ዓመት የሚያስገባ ሰው፣ ከደርግ ውድቀት በኋላ የወጣን ዘፈን ወደ ድርቁ ዘመን ይወስደዋል። የዘፈኑ ትርጉም ሁሉ ይዛባል፤ ስሕተቱም በየማጫወቻው ይሰራጫል። አማርኛ የሚያነብ ሰው ለዚህ መዝገብ ሊያበረክት ከሚችለው ሁሉ የቀን ማረም ይቀድማል ብዬ አምናለሁ።

የሠርጉ ታሪክስ? እናቴ በዚያን ቀን ሸክላ ማጫወቻው ከጎረቤት ተውሶ እንደመጣ፣ መርፌው ደንዝዞ አንድ ስንኝ ላይ እየተመለሰ ሙሽሮቹን ሦስት ጊዜ እንዳስጨፈረ ትናገራለች። ይህ የትም ሣጥን ውስጥ አይገባም፣ መጥፋትም የለበትም። ሜታብሬይንዝ ለዚህ የተለየ ቤት ሠርቷል፤ ክሪቲክብሬይንዝ ይባላል። አድማጭ ስለ አንድ አልበም የተሰማውን በራሱ ስም የሚጽፍበት ነው። እዚያ «አንጋፋው» ማለት ይቻላል፣ ማልቀስም ይቻላል፤ የጻፈው ሰው ስም ከላይ ስላለ አንባቢው የማንን ስሜት እንደሚያነብ ያውቃል። ሁለቱ ቤቶች ጎን ለጎን ናቸው፣ በራቸው ግን የተለያየ ነው። የእናቴን ወግ እዚያ አስገባሁት፤ ከእሷ ቃል አንድም አልቀነስኩም።

ማስታወሻዬን ደግሞ በሦስት መስመር ጨረስኩ። «ሸክላው በእጄ ነው። የታተመ ዓመት የለውም። ሽፋኑ ላይ በባለቤቱ እጅ የተጻፈ ቀን አለ፤ ጥር 1964 ዓ.ም.፤ ባለቤቱ አባቴ ናቸው።» ሰባት ቀን አለፈ፤ የተቃወመ የለም።

አንድ ሣጥን ግን ባዶ ነው። በሸክላው ሁለተኛ ገጽ ላይ ሳክስፎኑን የተጫወተው ሰው የክብር ዘበኛ ሙዚቀኛ እንደነበረ፣ በሠፈራችንም ይኖር እንደነበረ እናቴ ትናገራለች፤ ስሙንም ትጠራዋለች። አንድ ምስክር ብቻ ስለሆነች አላስገባሁትም። የባንዱን አባላት የሚያውቁ አንድ አዛውንት ኮተቤ እንዳሉ ሰምቻለሁ። ቅዳሜ ሸክላውን ይዤ እሄዳለሁ።