የዩኒቨርሲቲዎች ጨረታ በኮምፒዩተር፤ ክፍያውስ?

ዩኒቨርሲቲ ለነጋዴው ትልቅ ሸማች ነው። በአገራችን ያሉት ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ጤፍ፣ የዳቦ ዱቄት፣ ምስር፣ ዘይት፣ ፍራሽ፣ የጽሕፈትና የላቦራቶሪ ዕቃ በየዓመቱ በጨረታ ይገዛሉ። በ2017 ዓ.ም. የአንድ ተማሪ የዕለት ምግብ በጀት ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ ማለቱም የገበያውን ክብደት ያመለክታል። ስለሆነም ተቋማቱ አሠራራቸውን ወደ ኢንተርኔት ማዛወራቸው የመርካቶም ጉዳይ ነው።

የፖስታው ዘመን

በቀድሞው አሠራር ማስታወቂያው በጋዜጣ ይወጣል። ተጫራቹ ሰነድ ለመግዛትና የታሸገ ፖስታ ለማስገባት እስከ ጋምቤላ ወይም ጅግጅጋ ይሄዳል፤ አለዚያም ሰው ይልካል። የትራንስፖርቱና የአበሉ ወጪ በዋጋው ላይ ይደመራል። አቅም ያነሰው ከውድድሩ ይቀራል። ተጫራች ሲያንስ ደግሞ ዋጋ ይወደዳል፤ መመሳጠርም ይቀላል።

ምን ተለወጠ?

የመንግሥት የኤሌክትሮኒክ ግዥ ሥርዓት በ2014 ዓ.ም. በጥቂት የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ተጀምሮ ዩኒቨርሲቲዎችን ጨምሮ ወደ ሌሎች ተቋማት ሰፍቷል። አቅራቢው በግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ ይመዘገባል፤ ሰነዱን ከቢሮው ሆኖ ያያል፤ ዋጋውንም በዚያው ያስገባል። ይህ ሩቅ ያለውን ተወዳዳሪ ያቀርባል። የጨረታ ወሬ በመሸጥ ይኖር የነበረው ደላላ ግን ገበያው ይቀዘቅዝበታል።

የዩኒቨርሲቲው የራሱ ድረ ገጽ ግን ሌላ ነገር ነው። የሕንፃ ፎቶግራፍና የፕሬዚዳንት መልእክት ብቻ የያዘ ድረ ገጽ የበር ላይ ታፔላ ነው። ነጋዴውን የሚጠቅመው ሦስት ነገር የሚያሳየው ነው፤ የዓመቱን የግዥ ዕቅድ፣ አሸናፊውን ከነዋጋው፣ የክፍያ ጥያቄው የደረሰበትን ደረጃ።

ወጪው የት ላይ ነው?

ከሦስቱ ክብደት ያለው የመጨረሻው ነው። ለምሳሌ የ1 ሚሊዮን ብር ዱቄት ያቀረበ ነጋዴ ገንዘቡን በዓመት 18 በመቶ ወለድ ተበድሮ ከሆነና ክፍያው 4 ወር ቢዘገይ፣ ወለዱ ብቻ 60,000 ብር ይሆናል። ይህን የሚያውቅ ነጋዴ በሚቀጥለው ጨረታ ዋጋው ላይ 6 በመቶ ይጨምራል። ተቋሙ በውድድር ያተረፈውን በመዘግየት መልሶ ይከፍላል ማለት ነው።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ጨረታው በኮምፒዩተር ተከፍቶ የርክክብ ሰነዱና የክፍያ ማዘዣው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ በእጅ የሚዞር ከሆነ ለውጡ ግማሽ መንገድ ላይ ቀርቷል።

የመስመሩም ነገር አለ። በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሳይመለስ ቆይቷል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ለሁሉም ክፍት የተባለው ጨረታ ለአንዳንዱ ዝግ ይሆናል። የመዝጊያ ጊዜ የሚራዘምበት ግልጽ ደንብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ለአቅራቢዎች

ምዝገባንና የንግድ ፈቃድ እድሳትን ለጨረታው ሰሞን አለማቆየት፣ ዋጋን በመዝጊያው ሰዓት ሳይሆን ቀደም ብሎ ማስገባት ይበጃል። ከሁሉም በላይ ውሉ ላይ ሲፈርሙ የክፍያው ጊዜ በቀን ተቆጥሮ መጻፉን ያረጋግጡ። ዋጋ የሚሰላው ከዚያ በኋላ ነው።