አምቦ ያለ ላፕቶፕ፣ አዲስ አበባ ያለ ሰርቨር

ከአዲስ አበባ 114 ኪሎ ሜትር ርቃ ባለችው አምቦ፣ ወይም ከዚያ አልፎ በጉደርና በጌዶ፣ የመሥሪያ ቤቱን ላፕቶፕ የሚከፍት ሠራተኛ የይለፍ ቃሉን ሲጽፍ ማንን እያስፈቀደ እንደሆነ አያስብም። ዋናው መሥሪያ ቤት ቢሆን ላፕቶፑ የሚያስገባው የሠራተኞችን መዝገብ፣ ባለሙያዎቹ ዶሜይን የሚሉትን፣ የያዘውን ሰርቨር ጠይቆ ነው። ጌዶ ላይ ያ ሰርቨር አይታይም። ላፕቶፑ ግን ይከፈታል፤ ሰውየው ባለፈው በሰርቨሩ ፈቃድ ሲገባ ዊንዶውስ ከይለፍ ቃሉ ተሰልቶ የወጣ ማረጋገጫ ዲስኩ ላይ አስቀርቷል። ካልቀየሩት በቀር የመጨረሻዎቹን 10 ተጠቃሚዎች እንዲህ ያስታውሳል።

ይህን ቁጥር ዜሮ አድርጉት የሚሉ ጥንቁቆች አሉ፤ ስጋታቸውም ከንቱ አይደለም። ማረጋገጫው የማለቂያ ቀን የለውም። ከሥራ የተሰናበተ ሰው አካውንት አዲስ አበባ ላይ ቢዘጋም፣ ከኔትወርክ የተነጠለ ላፕቶፕ ወሬው ስለማይደርሰው ያስገባዋል። ሌባም ዲስኩን ነቅሎ ማረጋገጫውን ካወጣ፣ ቃሉን በግምት እየደጋገመ ሊሞክር ይችላል። ሆኖም ዜሮ ምን እንደሚያስከፍል አምቦ ባለችበት በምዕራብ ሸዋ ዓይን እንየው። የአምቦው ልጅ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 2012 ከተገደለ በኋላ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ተቋርጦ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ቁጥሩ ዜሮ የሆነ ላፕቶፕ ከቢሮ ርቆ ላለ ሠራተኛ የራሱን የሪፖርት ረቂቅ እንኳ አያሳየውም። «ሲስተም የለም» የምትለዋን መልስ ከባንክ መስኮት አውጥቶ በየሰው ቦርሳ መክተት ነው።

እንደ እኔ ጥፋቱ ማረጋገጫው ሳይታደስ መክረሙ ላይ ነው። አንዲት ሠራተኛ የይለፍ ቃሏን በኢሜይል ገጽ በኩል ቀየረች እንበል። ሰርቨሩ አዲሱን ያውቃል፣ ላፕቶፗ አሮጌውን። ጠዋት አዲሱን ብትጽፍ «ስህተት ነው» ይላታል፤ በአሮጌው ይከፈታል፤ ከርቀት ከቢሮው ኔትወርክ ጋር የሚያገናኛት ቪፒኤን ደግሞ የሚቀበለው አዲሱን ብቻ ነው። ግራ ሲገባት ሁለቱንም ወረቀት ላይ ጽፋ ኪቦርዱ ሥር ትሸጉጣለች፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ደኅንነት ማውራት ቀልድ ነው። መፍትሔው ግን የደቂቃዎች ሥራ ነው፦ በአሮጌው ገብታ ቪፒኤኑን በአዲሱ ታገናኝ፤ ከዚያ የዊንዶውስን ቁልፍና ኤልን አንድ ላይ ተጭና ስክሪኑን ትቆልፍ፤ ቪፒኤኑ ሳይቋረጥ በአዲሱ ትክፈት። ላፕቶፑ ሰርቨሩን ጠይቆ አዲሱን ይይዛል።

ኔትወርኩ በደከመበት ቀን ቪፒኤኑስ መቼ ይገናኛል ለሚለኝ፣ ማረጋገጫ ማደስ ፊልም እንደ ማውረድ አይደለም፤ የጥቂት አጫጭር መልእክቶች ልውውጥ ይበቃዋል። የሚከብደው የአዲስ ቅጥር ነገር ነው። ላፕቶፑ አይቶት የማያውቅ ሰው ጊንጪ ላይ ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ ልግባ ቢል አይችልም፤ ወይ ዕቃውን ሲረከብ ቢሮ ውስጥ አንድ ጊዜ ይግባ፣ ወይ ከመግቢያው ገጽ በፊት የሚገናኝ ቪፒኤን ይጫንለት። ለሌባው መልሱ ዲስኩን ሙሉ በሙሉ የሚመሰጥረው ቢትሎከር ነው። ቁጥሩንም ከ10 ወደ 2 ማውረድ ያዋጣል። 1 ካደረጉት፣ የአይቲ ባለሙያው ለጥገና ሲገባ የባለቤቱን ማረጋገጫ ገፍቶ ያስወጣዋል፤ ባለቤቱም ይህን የሚያውቀው ጌዶ ከደረሰ በኋላ ነው። የይለፍ ቃል መቀየሪያዎ ቀን ከቀረበ ከቢሮ ሳይወጡ፣ ካልሆነም ቪፒኤኑን አገናኝተው፣ ኮንትሮል፣ አልትና ዲሊትን ተጭነው ላፕቶፑ ላይ ይቀይሩት።