ተጨማሪ መረጃ፦ «ካሳ» የተሰኘው መጠሪያ

«ካሳ» ከ«ካሰ» ግስ የወጣ የወንድ ስም ሲሆን፣ ለጠፋ ወይም ለተጎዳ ነገር የሚሰጥን ምትክ ያመለክታል። በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባለው የምዕራብ ጎጃም ገጠር፣ እንደ ሌሎች አማርኛ ተናጋሪ አካባቢዎች ሁሉ፣ ስሙ በተለይ የሚወጣው ቤተሰቡ ልጅ ወይም የቅርብ ዘመድ ካጣ በኋላ ለሚወለድ ሕፃን ነው። ከዚሁ ቃል ካሳሁንና ካሳዬ፣ ለሴት ደግሞ ካሳነሽ ይወጣሉ። ምትኩ፣ ተካና ማስረሻም የሚሰጡት በተመሳሳይ ምክንያት ነው።

ካሳ የዓለም ስም ነው። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ልጅ፣ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ሲጠመቅ የክርስትና ስም ይጨመርለታል።

በነገሥታት ዘንድ ደግሞ የዓለም ስም በንግሥ ስም ይተካ ነበር። ካሳ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. ዳግማዊ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ ካሳ ምርጫ በ1864 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ተብለው ነግሠዋል። በጎጃምም ራስ አዳል ተሰማ በ1873 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለዋል። ኃይሉ፣ ምርጫና ተሰማ የአባት ስሞች እንጂ ለትውልድ የሚተላለፉ የቤተሰብ መጠሪያዎች አይደሉም።